የአቶ ኢዩኤል ልጆች

በሁለት ሺህ ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት በጎሮ መልካ ከተማ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ሰውን መጠየቅ በደንብ የተከለከለ ነበር። ክልከላው በባቡር ጣቢያው መውጫ፣ በገበያው በርና በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ተለጥፏል። ጥያቄው ያመለጠው ሰው ቢኖር አጠገቡ የቆመው ጉሮሮውን ይጠርግለታል፤ እርሱም ይቅርታ ጠይቆ «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?» ሲል ያርመዋል። ነዋሪው ይህን ከለመደ ብዙ ዘመን ስለ ሆነው እንደ ጭቆና አይቆጥረውም። ሲያስነጥሱ አፍን እንደ መሸፈን ያለ ጨዋነት ሆኗል።

ክልከላው ያለ ምክንያት የወጣ አልነበረም። ጎሮ መልካ በአያቶች ዘመን ክር ፈትላ፣ ጨርቅ ሸምና፣ ሸሚዝ ሰፍታ ወደ ባሕር ማዶ ትልክ ነበር። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ከቆሙ በኋላ የቀሩላት ረጃጅም አዳራሾች፣ ቀለም የጠጣ ወንዝና የሚያስሉ ሽማግሌዎች ናቸው። እንዲህ ያሉትን ከተሞች እንዲያድስ በመዲናይቱ የተቋቋመው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አጥንቶ የደረሰበት ውጤት፣ አሮጌ ከተማ የሚነሣው ከውጭ በሚስባቸው ባለ ተሰጥኦዎች ብዛት ልክ ነው የሚል ሆነ። ባለ ተሰጥኦዎቹ ተጠሩ፤ መጡ፤ ዓመት ሳይሞላቸው ሄዱ። ለምን እንደ ሄዱ ሲጠየቁ ደመወዝም ቤትም አላነሡም። ገበያ በወጡ ቁጥር «የማን ልጅ ነህ?» መባላቸውና የሚሰጡት መልስ ለጠያቂው ምንም አለመንገሩ እንዳሳዘናቸው ተናገሩ። ስለዚህ ጥያቄው ተከለከለ፤ በምትኩም ጎረቤት ተቀጠረላቸው።

ወይዘሮ ኤልዳና መደበኛ ጎረቤት ነበሩ። በወጣትነታቸው በክር ማጠንጠኛ ክፍል ሠርተዋል፤ ክፍሉ ሲዘጋ የከተማው የባለ ተሰጥኦ ጽሕፈት ቤት አሠልጥኖ ቀጠራቸው። ዘወትር ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ከተመደቡላቸው የመጪዎች ቤቶች ወደ አንዱ ይሄዱና በር ያንኳኳሉ። በሩ ሲከፈት ባዶ ሲኒ ዘርግተው «ጨው አልቆብኝ ነው» ይላሉ። መመሪያው እንደሚያስረዳው ሰው የሚሰነብተው በሚረዳበት ቦታ ሳይሆን በሚፈለግበት ቦታ ነውና፣ መደበኛ ጎረቤት ከእያንዳንዱ መጪ በሳምንት ሦስት ጊዜ አንድ ነገር መበደር ነበረበት። የተበደሩትን መመለስ ግን አይፈቀድም፤ የተመለሰ ብድር ግንኙነቱን ይዘጋዋልና። በዚህ ምክንያት በወይዘሮ ኤልዳና ጓዳ ጨው በጆንያ ተከምሮ ነበር። ባለቤታቸው አቶ ኢዩኤል ወደ ጓዳው ባዩ ቁጥር «ኤልዳና፣ ከእንግዲህ የሚበልጥሽ ባሕር ብቻ ነው» ይሏቸዋል።

የሥራው ሌላው ክፍል ተግሣጽ ነበር። በየወቅቱ መጪውን በር ላይ አቁሞ ከላይ እስከ ታች እያዩ «ከስተሃል፤ አትበላም እንዴ? ማታስ የምታመሸው የት ነው?» ማለት ያስፈልጋል። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ጠብ አለ። መደበኛው ጎረቤት የዝናብ ውኃ ወደ ግቢዬ ለቀቅህብኝ ብሎ ይነሣል፤ መጪው ይቆጣል፤ ጽሕፈት ቤቱ የመደባቸው ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው ይታረቃሉ። ታርቆ የማያውቅ ሰው ሻንጣው ሁልጊዜ በር ላይ ነው የሚል ጥናት ነበር። አንዲት የስሌት ሊቅ ከእርቁ በኋላ አልቅሳ፣ በሕይወቷ ማንም እንዲህ ከልቡ ተጣልቷት እንደማያውቅ ለወይዘሮ ኤልዳና ነግራቸዋለች። ወይዘሮ ኤልዳናንም በዚያ ቀን ምሳ አልበላ አላቸው።

መጪዎቹ ከየት እንደሚመጡ መጠየቅ ባይፈቀድም ሁሉም ያውቅ ነበር። ከሌሎች አሮጌ ከተሞች ነው የሚመጡት። የጎሮ መልካ ልጆች የሲሚንቶ ከተማ በነበረችው በነጭ ድንጋይ ባለ ተሰጥኦ ይባላሉ፤ የነጭ ድንጋይ ልጆች በጎሮ መልካ እንዲሁ። ሁለቱ ባቡሮች በየሳምንቱ በአንድ ድልድይ ላይ ይተላለፋሉ። አበው በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሲሉ የሰነፍን ልብ መውቀሳቸው ነበር፤ ባለሥልጣኑ ግን ወቀሳውን የሥራ መመሪያ አደረገው። በተወለደበት ከተማ የሚኖር ሰው ነባር ተባለ። ነባር ሰው ጎረቤት፣ ሽማግሌ ወይም የገበያ ግርግር ሠራተኛ ሆኖ ሊቀጠር ይችላል። አዳራሾቹ ውስጥ ገብቶ መመራመር የሚችለው መጪ ብቻ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዳንድ ከተሞች ልጆቻቸውን ማለዳ በአውቶቡስ አውጥተው ቀትር ላይ በአበባ ይቀበሏቸው ስለ ነበር፣ አንድ ጥብቅ አንቀጽ ተጨመረ። በከተማው ውስጥ ዘመድ ያለው ሰው መጪ አይባልም። ዘመዱን ደብቆ የተገኘ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ የሸሸገው መደበኛ ጎረቤትም ከሥራውና ከቤቱ ይወጣል።

ወይዘሮ ኤልዳናና አቶ ኢዩኤል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። በእነርሱ ትውልድ ሴቶች ሁሉ ኤልዳና፣ ሶልያና፣ ሄራን ይባሉ ነበር፤ ልጃቸውን ግን ጊዜው የጥንቱን ስም ወድዶ ስለ ነበር ማንያህልሻል አሏት። ክር የሚያበቅሉ ሕዋሳትን አጥንታ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች። ጎሮ መልካም የሰጠቻት ሥራ ከሰኞ እስከ ዓርብ በገበያው ውስጥ ሽንኩርት እየገዙ መከራከር ስለ ነበር፣ እንደ እኩዮቿ ባቡር ተሳፍራ ወደ ነጭ ድንጋይ ሄደች። እዚያ ባለ ተሰጥኦ ሆነች። አንዲት ባልቴት በሳምንት ሦስት ጊዜ ጨው ይበደሯት ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአቶ ኢዩኤል ሳል ጠናባቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈትል ማሽን ሲጠግኑ የተነፈሱት የጥጥ ብናኝ በሳንባቸው ተቀምጦ ጊዜውን ይጠብቅ ኖሯል። ልጃቸው ልትመጣ ፈለገች። እንደ ልጅ ብትመጣ ነባር ትባላለች፤ ሥራዋንም ታጣለች። ስለዚህ በጎሮ መልካ ዘመድ የሌላት የነጭ ድንጋይ ሰው ሆና መጣች። የአባት ስሟ አላስቸገረም፤ የአባት ስም ለተከለከለው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነውና ከመጪዎች ሁሉ ላይ ይነሣ ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ አቤኔዘር፣ በልጅነታቸው በአቶ ኢዩኤል ቤት ስንት ምሳ የበሉ ሰው፣ ፈቃዷን በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ፈረሙ። ከወላጆቿ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራውን ቤት ሲሰጧትም ሌላ ባዶ ቤት እንደሌለ ገለጹ። ባዶ ቤት በመንገዱ ሁሉ ነበር።

ጣቢያው ላይ ወይዘሮ ኤልዳና ከሌሎች መደበኛ ጎረቤቶች ጋር ተሰልፈው፣ የጽሕፈት ቤቱን አበባ ይዘው ተቀበሏት።

«እንኳን ደህና መጡ። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ክር አበቅላለሁ።»

«በርቱ።»

ከዚያም አንዷ በመንገዱ ቀኝ፣ አንዷ በግራ ሆነው ወደ ሰፈራቸው ሄዱ።

ሰፈሩ ያውቃል፤ ሰፈሩ ዝም አለ። ይህ ዝምታ ክፋትም ጀግንነትም አልነበረም፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ የሚደበቅ ነገር ነበረው። ማንያህልሻል አባቷ ማሽን ይጠግኑበት በነበረው አዳራሽ ውስጥ ክሯን ማብቀል ጀመረች። እናቷም ከተፈቀደው በላይ ጨው ይበደሯት ገቡ። አንድ ቀን የጎረቤቶች ተቆጣጣሪ መንገድ ላይ አስቁሟቸው፣ ቤታቸው ይህን ያህል ጨው እንዴት እንደሚፈጅ በትሕትና ጠየቃቸው። ባለቤታቸው አልጫ እንደማይወዱ መለሱለት።

ጨው የሚያበድር መጪ ደግሞ አንዳንዴ የታመመ ሽማግሌ ገብቶ መጠየቅ ይፈቀድለታል። ማንያህልሻል ከሥራ ስትመለስ በዚህ አንቀጽ መሠረት ትገባና ከአባቷ አልጋ አጠገብ ትቀመጣለች። በሩ ሲዘጋ አቶ ኢዩኤል ዓይናቸው ይስቃል። ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና «ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል። እርሷ በደንቡ መሠረት ጉሮሮዋን ትጠርግላቸዋለች። «ክር አበቅላለሁ» ትላለች። እርሳቸው እስኪያስላቸው ድረስ ይስቃሉ። ይህ ብቸኛው ጨዋታቸው ሆኖ ወራት አለፉ። ቀጥለው ስለ አዳራሹ ይጠይቃሉ፤ በእርሳቸው ማሽን ቦታ ምን እንደ ቆመ፣ ክሩ የሚበቅልበት ገንዳ ድምፅ እንዳለው። ድምፅ የለውም ስትላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ድምፅ የሌለው ሥራ መታመሙ በምን ይታወቃል?» አሏት አንድ ቀን።

«በሽታው። ሲበላሽ ይከረፋል።»

«በሽታው ካስታወቀማ እንደ እኔ ሆነ ማለት ነው። ዘግይቷል።»

መስከረም ላይ አልጋቸው ላይ ቀና ብሎ መቀመጥ አቃታቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወይዘሮ ኤልዳና ለሥራ ወጥተው ሳሉ፣ ልጃቸውን በቅርብ አስቀምጠው ሲቀበሩ ከእናቷ ጋር እንዳትቆም ነገሯት። ከሐዘንተኞች ጋር ከቆመች ልጅነቷ ይታወቃል፤ እርሷ ወደ ነጭ ድንጋይ ትመለሳለች፤ እናቷ ደግሞ ቤቱን ትለቃለች። እርሳቸው የሞቱት ለዚህ እንዳልሆነ ገለጹ፤ ገና እንዳልሞቱ ስታስታውሳቸው ሥራ ቀደም ብሎ መደልደል እንዳለበት ተናገሩ። ቃል አስገቧት። ገባች።

ከዚያም «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። በዚህ ጊዜ ዓይናቸው አልሳቀም።

ማንያህልሻል ጉሮሮዋን ጠረገች። «ክር አበቅላለሁ» አለች።

እርሳቸውም «በርቺ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። በማግሥቱ ዐረፉ።

በዚያው ሳምንት ከተማዋን የምትመዝን ተቆጣጣሪ ከመዲናይቱ መጥታ ነበር። ወይዘሪት ዘርፌ የምትባል፣ ጥሩ አለባበስ ያላት፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። የነባር ቀብር የጉርብትናን ጥልቀት ያሳያል በሚል ቀብሩ ላይ እንደምትገኝ አስታወቀች። አቶ አቤኔዘር የሰፈሩን ሰዎች በዕድሩ ቤት ሰብስበው ተማጸኑ። ልጅቱ ከሌሎች መጪዎች ጋር በመቃብሩ ዳር ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ትቆማለች፤ ማንም ወደ እርሷ እንዳይሄድ፤ ማንም እርሷን እንዳያጽናና፤ ያልተለመደ ልቅሶ ከተሰማ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ከፍ አድርገው ያልቅሱ። የዕድሩ ዳኛ ተስማሙ። ሁሉም ተስማማ። የሰፈሩ አዛውንት እትዬ ሶልያና ብቻ፣ ዓይናቸው ከፈዘዘ ዓመታት ያለፉት፣ በትራቸው ላይ ተደግፈው ተነሡ።

«እኔ አላይም» አሉ። «ማንን እንደማላጽናና አስቀድማችሁ አሳዩኝ።»

ሰዉ ሳቀ። አቶ አቤኔዘርም አብረው ሳቁ፤ ነገሩን ሳይመልሱት ጉባኤው ተበተነ።

ቀብሩ በሥርዓቱ ተፈጸመ። የተነበበው የሕይወት ታሪክ፣ አቶ ኢዩኤል በሙያቸው ብዙ ማሽኖችን እንዳዳኑና ባለትዳር እንደ ነበሩ ይናገራል። ልጅ የሚል ቃል አልነበረበትም። ማንያህልሻል ከጽዱ ሥር ከመጪዎቹ መካከል ቆማ፣ እጆቿን በነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ፣ አፈሩ ሲመለስ መሬት መሬት ታይ ነበር። አላለቀሰችም። ወይዘሮ ኤልዳና በሐዘንተኞች ቦታ ብቻቸውን ቆሙ፤ በጎናቸው ለአንድ ሰው የሚበቃ ክፍት ቦታ ነበር፤ ማንም ደፍሮ አልቆመበትም።

ሲያበቃ እንደ ልማዱ ሰልፍ ተሠራ። ለቀስተኛው በአንድ መስመር እያለፈ፣ በሐዘንተኛዋ ፊት ጎንበስ እያለ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል፤ እርሳቸውም «አሜን» ይላሉ። በዕድሜ የሚቀድሙት እትዬ ሶልያና ነበሩና ሰልፉን የመሩት እርሳቸው ናቸው። ከወይዘሮ ኤልዳና ፊት ደረሱ፤ አጽናኑ። ቀጥሎ ወደ መውጫው መታጠፍ ሲገባቸው በትራቸውን መሬት ለመሬት እየዳበሱ ቀጥ ብለው ወደ ጽዱ ሄዱ። ከመጪዎቹ መካከል አንዷ ፊት ቆሙ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ።»

ማንያህልሻል «አሜን» አለች።

ተሳስተው ይሁን አውቀው፣ እትዬ ሶልያና እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተናገሩም። ከኋላቸው የነበረው ግን ቆመ። በቀብር ላይ ሰልፍ ማፍረስ ነውር ነው፤ ከፊት ያለው የሄደበትን ትቶ በሌላ መንገድ መውጣት ደግሞ የበለጠ ነውር። ስለዚህ ተከተለ። ከእርሱ ኋላ ያለውም ተከተለ። የዕድሩ ዳኛ፣ ተስማምተው የነበሩት፣ ፊታቸው እንደ ቀላ ተከተሉ። ረጅሙ ሰልፍ ከእናቲቱ ተነሥቶ ወደ ጽዱ ታጠፈ፤ ሰፈሩ በሙሉ በልጅቱ ፊት ጎንበስ እያለ አለፈ። እርሷም ለእያንዳንዱ «አሜን» አለች። 

ወይዘሪት ዘርፌ ይህን ሁሉ ቆማ አየች። ወደ አቶ አቤኔዘር ዘወር ብላ የዚያች ሴት ሥራ ምን እንደ ሆነ ጠየቀቻቸው። ክር እንደምታበቅል ነገሯት።

«መጪ ናት?»

«መጪ ናት።»

«ታዲያ ለምን ያጽናኗታል?»

አቶ አቤኔዘር ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። በዚያች ቅጽበት እውነቱን ቢናገሩ ሁለት ሴቶች ቤታቸውን ያጣሉ፤ እርሳቸውም ወንበራቸውን። ሐሰት ቢናገሩ ደግሞ ማንም የሚጎዳ አልመሰላቸውም። አብዛኛው ጥፋት የሚጀመረው ማንም የማይጎዳ በሚመስልበት ቦታ ነው።

«እኛ ዘንድ መጪ እንደ ልጅ ነው» አሉ።

 ተቆጣጣሪዋ በመሐረቧ ዓይኗን አበሰች፤ ሲያዩዋትም አላፈረችም።

ጎሮ መልካ በዚያ ዓመት ከአሮጌ ከተሞች ሁሉ አንደኛ ወጣች። ሽልማቱ በአቶ ኢዩኤል አርባ ቀን፣ በዕድሩ ድንኳን ውስጥ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ የባለሥልጣኑ የበላይ ኃላፊም ራሳቸው መጡ። ወይዘሮ ኤልዳና የባላቸውን አርባ ለማውጣት ያሰናዱት ድንኳን ስለማይበቃ ሌላ ተጨመረበት። ካህናቱ ጸሎታቸውን እንዲያሳጥሩ በአክብሮት ተጠየቁ። ኃላፊው ባደረጉት ንግግር፣ የማያውቁት ሰው በሞተበት ቀን መጽናናት የሰው ልጅ ከደረሰበት የጉርብትና ደረጃ ሁሉ ከፍተኛው መሆኑን አስረዱ። ቀጥለውም የተጽናናችው መጪ ስሜቷን ለእንግዶቹ እንድትገልጽ ጋበዟት።

ወይዘሮ ኤልዳና ከተቀመጡበት ሆነው ልጃቸውን አዩ። ራሳቸውን በቀስታ፣ ማንም ሳያይ፣ ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ማንያህልሻል አየቻቸው። ከዚያ ተነሥታ በሰዉ ፊት ቆመች። አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩበት ከሰዓት በኋላ አርባ ቀን ሙሉ አልለቀቃትም ነበር።

«የአቶ ኢዩኤል ልጅ ነኝ» አለች።

እንግዶቹ ፈገግ አሉ።

«በምሳሌ አይደለም የምናገረው። የወለዱኝ እርሳቸው ናቸው። እናቴ እዚያ የተቀመጡት ናቸው። ያደግሁት ከዚህ ድንኳን ፊት ለፊት ባለው ቤት ነው። ሥራዬን እንዳላጣ ደብቄ ነበር፤ አባቴ ሲጠይቁኝም አልመለስኩላቸውም። አሁን መለስኩ።»

መጀመሪያ ያጨበጨቡት አቶ አቤኔዘር ነበሩ። ፊታቸው አመድ መስሎ፣ እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። ኃላፊው ተከተሏቸው፤ ተነሥተው ቆሙ። እንግዶቹ ሁሉ ቆሙ። ጭብጨባው እየጋለ ሲሄድ ማንያህልሻል ሁለት ጊዜ እጇን አንሥታ ልታስቆመው ሞከረች፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የባሰ ጨመረ። የሰፈሩ ሰዎች አላጨበጨቡም፤ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

እትዬ ሶልያና አጠገባቸው ያለችውን ሴት በክርናቸው ነካ አደረጓት።

«ምን አለች?»

«እውነቱን ተናገረች።»

«ታዲያ ለምን ያጨበጭባሉ?»



ኃላፊው ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ በዘመናቸው ይህን የመሰለ የመዋሐድ ምስክርነት ሰምተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ማንያህልሻልን ትከሻዋን ይዘው «ልጃችን» አሏት። በማግሥቱ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዳ፣ የተናገረችው ትክክል እንደ ነበርና በአንቀጹ መሠረት እንዲፈጸምባት ጠየቀች። አቶ አቤኔዘር ወንበር ሰጧት። ከበላይ የመጣው ቃል እርሷ የመጪዎች ሁሉ አርአያ መሆኗን ስለሚያረጋግጥ፣ ይህን የሚቃወም ማስረጃ ለመቀበል ሥልጣን እንደሌላቸው ገለጹላት። እንባ በዓይናቸው ሞልቶ ነበር። ተሰናብታቸው ወጣች።

ከክረምቱ በፊት አዲስ መመሪያ ለአሮጌ ከተሞች ሁሉ ወጣ። የተከለከለው ጥያቄ ተፈቀደ፤ እንዲያውም ግዴታ ሆነ፤ አሁን መልስ አለውና። ለእያንዳንዱ መጪ ከሟች ነባሮች መካከል አንድ አባት ይመደብለታል። መጪው ከባቡር ሲወርድ በጣቢያው አዳራሽ ቃሉን ያጠናል፤ ከዚያ ወደ ተመደበለት ቤት ሄዶ በር ላይ ይናገራል። በጣቢያው መውጫ ላይ የነበረው ማስታወቂያ ተነሥቶ ሌላ ተተካ፤ አንዲት ፈገግ ያለች የማትታወቅ ወጣት ሴት ሥዕልና ከሥሩ «የአቶ ኢዩኤል ልጅ ነኝ» የሚል ጽሑፍ አለበት። በነጭ ድንጋይም፣ ከማንያህልሻል ጨው ይበደሩ የነበሩት ባልቴት ከሞቱ ወዲህ፣ የሞቱ ባሎቻቸውንና ወንድሞቻቸውን ለመጪዎች አባት አድርገው የሚያካፍሉ ጎረቤቶች እንደ በዙ ተሰማ። መዲናይቱ በውጤቱ ረክታለች።

እናትና ልጅ ከእንግዲህ በመንገዱ አንድ ዳር መሄድ ይችሉ ነበር። ሰው እናቲቱ «ልጄ» ሲሏት ቢሰማ ደንቡን አከበሩ ይላል። ከሥራ ስትመለስ «እማዬ» እያለች በር ብትከፍት ተቆጣጣሪው ባርኔጣውን ያነሣል። ሸሽገውት በነበረ ጊዜ የራሳቸው ብቻ የነበረው ነገር አሁን የሁሉም ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ማንም ሳያዝዛቸው፣ ተመልሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ይሄዱ ጀመር።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት መጨረሻ አንድ እሑድ፣ ሁለቱ ሹሮ ቀርቦላቸው ምሳ ላይ ሳሉ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ኤልዳና እጃቸውን ታጥበው ከፈቱ። ደፉ ላይ የቆመው ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ ጥቁር ሻንጣ የያዘ ሰው ነበር። ጫማው ላይ የሲሚንቶ አገር ነጭ አቧራ አለ። በጣቢያው የሰጡትን ባዶ ሲኒም ይዟል፤ ነገር ግን ዘርግቶት አልነበረም፤ የያዘውን የዘነጋ ይመስላል።

ደንቡ ነበርና ወይዘሮ ኤልዳና ጠየቁት።

«የማን ልጅ ነህ?»

ሰውየው ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ የሰው ካፖርት የለበሰ ሰው በሚያፍረው ዓይነት እፍረት፣ «የአቶ ኢዩኤል ልጅ ነኝ» አለ።

ከውስጥ ማንያህልሻል እጇን ከገበታው አነሣች። ወይዘሮ ኤልዳና ለመልሱ የተጻፈላቸው ቃል ነበራቸው፤ «እንኳን ወደ ቤትህ መጣህ» የሚል። አላሉትም። 

«ስምህ ማን ነው?»

«ደምሰው።»

«አባትህ በሕይወት አሉ?»

ይህ በአዲሱም መመሪያ የተከለከለ ነው። ደምሰው ጉሮሮአቸውን እንዲጠርጉ የሚጠብቅ ይመስል ቀና ብሎ አያቸው። አልጠረጉም።

«አሉ» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነጭ ድንጋይ ናቸው። መደበኛ ጎረቤት ናቸው።»

«እንግዲያው አባት በሕይወት እያለ እንዲህ አይባልም፣ ልጄ። ነውር ነው። የሚያዝዝህ ቢኖር እንኳ ሌላ ቦታ በለው፤ እዚህ በር ላይ አትበለው።» ሻንጣውን ከእጁ ተቀብለው ወደ ውስጥ አስገቡት። «መጀመሪያ ደርሻለሁ ብለህ ለአባትህ ደውል። ድምፅህን ከሰሙ በኋላ እጅህን ታጠብ፤ ሹሮው ቀዝቅዟል፤ ጨው ግን ሞልቷል።»

ደምሰው በሩ አጠገብ ቆሞ ደወለ። «አባዬ» ብሎ ሲጀምር ወይዘሮ ኤልዳና ወደ ጓዳ ገቡ። ማንያህልሻልም ድምፁ እየተሰማት፣ ከተቀመጠችበት አግዳሚ ወንበር ሳትነሣ፣ ቦታ ይበቃው ዘንድ ጠጋ አለች።